«ሊቭ ሀር ቱ ሄቨን»፦ ዲቪዲው፣ የትዋይላይት ታይሙ ወይስ የክራይቴሪየኑ?

ጣፎ_ማዶ
ሰላም ለሁላችሁ። ከአሜሪካ ለሚመጣ ዘመድ አንድ ዲስክ ላዝዝ ነው። የ1945ቱ «ሊቭ ሀር ቱ ሄቨን»፣ ጂን ቲርኒ ያለችበት ባለቀለሙ ኑዋር (ጨለምተኛ የወንጀል ድራማ)። ያገኘኋቸው እትሞች ሦስት ናቸው፦ የፎክስ የ2005 ዲቪዲ፣ የትዋይላይት ታይም የ2013 ብሉሬይ፣ የክራይቴሪየን የ2020 ብሉሬይ። ዋጋቸው አይገናኝም። ቤት ያለው 43 ኢንች ቲቪና ከዱባይ የመጣ የብሉሬይ ማጫወቻ ነው። ልዩነቱ በዓይን የሚታይ ነው ወይስ የሰብሳቢዎች ጭቅጭቅ ብቻ? አንድ ነገር ልጨምር፦ ለገጣፎ ነኝ፣ መብራቱን ታውቁታላችሁ።

ሦስት_ክር
እህቴ፣ ከዲስኩ በፊት የፊልሙን ዕጣ እወቂ። የተቀረጸው በቴክኒከለር ባለሦስት ክር ካሜራ ነው። ካሜራው ውስጥ ሦስት ጥቁርና ነጭ ፊልም አብሮ ይሮጣል፤ አንዱ ቀዩን፣ አንዱ አረንጓዴውን፣ አንዱ ሰማያዊውን ብርሃን ይይዛል። ለሲኒማ ቤት የሚላከው ቅጂ ደግሞ ቢጫ፣ ማጀንታና ሲያን ቀለም በየተራ እየተደረበበት ይታተማል፣ ልክ እንደ ጨርቅ ህትመት። ሊዮን ሻምሮይ ኦስካር የወሰደው በዚህ ፊልም ቀለም ነው።

የፊልሙ ባለቤት ፎክስ በ1970ዎቹ ሦስቱን ኔጋቲቮች (ካሜራው ውስጥ የሮጡትን ዋና ፊልሞች) ወደ አንድ ባለቀለም ፊልም ገለበጠና ዋናዎቹን አስወገደ። የዚያ ዘመን ፊልም የሚሠራበት ናይትሬት እሳት ይጠራል፣ ማስቀመጫውም ወጪ ነው ተብሎ። ግልባጩ ደግሞ ቀለሙ የሚለቅ ዓይነት ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ዛሬ የምናየው፣ ፎክስ፣ የአካዳሚው የፊልም መዝገብ ቤትና ፊልም ፋውንዴሽን ተጋግዘው መልሰው ያቆሙት ቀለም ነው። ኔጋቲቩ ጋ ሄዶ የሚያመሳክር የለም። «እውነተኛው ቀለም የኔ ዲስክ ላይ ያለው ነው» ብሎ የሚምል ሰው ካገኘሽ እለፊው።

ወደ ጥያቄሽ ስመለስ፣ በዲቪዲውና በብሉሬዮቹ መካከል ያለው ልዩነት በግልጽ ይታያል። ዲቪዲው 720 በ480 ነጥብ ነው፤ በብሉሬይ ላይ ጥቁሩ ዳርና ዳር ሲቀነስ ምስሉ ራሱ 1480 በ1080 ገደማ ይሆናል፣ ከአራት እጥፍ በላይ ማለት ነው። የሐይቁን ትዕይንት ተመልከቺ፤ ጂን ቲርኒ ጀልባ ላይ ጥቁር መነጽር አድርጋ የተቀመጠችበትን። ዲቪዲው ላይ ከኋላዋ ያለው ጫካ አንድ አረንጓዴ ጭቃ ይሆናል፤ ብሉሬይ ላይ ዛፉ ከዛፍ ይለያል። በሁለቱ ብሉሬዮች መካከል ያለው ልዩነት ግን 43 ኢንች ላይ ከሁለት ሜትር ተኩል ርቀት ገንዘብ የሚያስከፍል አይደለም። ክራይቴሪየኑን ውሰጂ፤ ከ2ኬ (ወደ 2,000 ነጥብ ስፋት) እድሳት የተሠራ ነው፣ ሞኖ (ባለአንድ ቻናል) ድምፁም ያልታመቀ።

ገላን_ሪል
ጋሽ ሦስት ክር በቀለሙ ልክ ናቸው፤ ግን ዋናውን ወጥመድ ዘለሉት። ዲስክና ማጫወቻ በሚሸጡበት የዓለም ክፍል ተቆልፈው ነው የሚመጡት፣ ሪጅን ይባላል። የዱባይ ማጫወቻ ሪጅን ቢ ነው፣ እኛም ያለነው ቢ ውስጥ ነው። የአሜሪካው ክራይቴሪየን ሪጅን ኤ ነው፤ ብታስገቢው አንድ የማስጠንቀቂያ ገጽ አሳይቶሽ ያቆማል። ዲቪዲውም ሪጅን 1 ነው፣ የኛ 5። በርካሽ ማጫወቻዎች ላይ የዲቪዲውን ሪጅን ከሪሞት በሚገባ ቁጥር መክፈት ብዙ ጊዜ ይቻላል፤ የብሉሬዩ ግን በአብዛኛው በዚህ መንገድ አይከፈትም። ቀላሉ መፍትሔ ዘመድሽ ዲስኩን ከአንድ ተራ የአሜሪካ ማጫወቻ ጋር እንዲያመጣው ነው። ሁለቱንም ዲስክ ያነባል።

ስለ ትዋይላይት ታይሙ፦ ኩባንያው በ2020 ተዘግቷል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያትመውም 3,000 ቅጂ ብቻ ነበር። ውድ የሆነው ስለማይገኝ ነው፣ ስለሚበልጥ አይደለም። የሚያጓጓው ነገር የአልፍሬድ ኒውማን ሙዚቃ ብቻውን የተቀመጠበት ትራክና የዳሪል ሂክማን አስተያየት ነው (ዳኒን የሠራው ልጅ)። ግን ያው አስተያየት የ2005ቱ ዲቪዲ ላይ አለ፣ ክራይቴሪየኑ ላይ የለም። ስለዚህ ክራይቴሪየን ለማየት፣ አሮጌ ዲቪዲ ለመስማት! ሁለቱ ተደምረው ከአንዱ ትዋይላይት ታይም ይረክሳሉ።

ጣፎ_ማዶ
የሪጅኑን ነገር ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር። የአሜሪካ ማጫወቻ እዚህ ሶኬት ላይ አይቃጠልም?

ገላን_ሪል
ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አንስቶ ይላክልሽ። «100–240» የሚል ከሆነ የሶኬት አስማሚ ብቻ ይበቃል። «120» ብቻ የሚል ከሆነ በቀጥታ ከሰካሽው ፓወር ሰፕላዩ በሰከንድ ይሄዳል፤ 220ን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፣ ለማጫወቻ ብቻ 100 ዋት ከበቂ በላይ ነው። ስታብላይዘሩን ከግድግዳው ጋር፣ ትራንስፎርመሩን ከስታብላይዘሩ ቀጥሎ አድርጊ። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ግፊት ነው ዕቃ የሚገድለው፤ ስለዚህ መብራት እንደሄደ ንቀዪና ከተመለሰ አምስት ደቂቃ ያህል ቆይተሽ ሰኪ።

ሦስት_ክር
ሪጅኑን ያነሳኸው ጥሩ አደረግክ፣ አመሰግናለሁ። እኔ ደግሞ የቲቪውን ልጨምር፤ ሰው ዲስክ የሚወቅሰው ብዙውን ጊዜ በቲቪው ጥፋት ነውና።

የፊልሙ ስፋት ለቁመቱ 1.37 በ1 ነው። 43 ኢንች ቲቪ ላይ በግራና በቀኝ 11 ሳንቲሜትር ገደማ ጥቁር መኖር አለበት። ሜትር ይዘሽ ለኪው፤ የምስሉ ስፋት 73፣ ቁመቱ 53 ተኩል አካባቢ ካልሆነ ቲቪው ለጥጦታል ወይም ዳሩን ቆርጦታል። ያን ጊዜ ጂን ቲርኒ ፊቷ እንደ ድፎ ዳቦ ይሰፋል።

ቀጥሎ ፒክቸር ሞዱን ከ«ቪቪድ» ወደ «ሲኔማ» ወይም «ሙቪ» አውርጂ፣ የቀለም ሙቀቱን ሞቅ ወዳለው አድርጊ። ቪቪድ ላይ ከንፈሯ ቀይ መሆኑ ቀርቶ ያበራል፣ የፊቷም ቆዳ ብርቱካን ይሆናል። ሻርፕነስ ዜሮ ወይም ወደ ዜሮ፣ ኖይዝ ሪዳክሽን ጭራሽ ዝጊ፤ የፊልሙን ቅንጣት «ቆሻሻ» መስሎት ያጥበዋል፣ ፊቷም ሰም ይመስላል። እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰውን ሞሽን የሚለውንም ዝጊ። ማጫወቻው ላይ 24ፒ (እንደ ሲኒማው በሰከንድ 24 ምስል) ክፈቺ።

ድምፁ ሞኖ ስለሆነ ሳውንድባርሽ ላይ ሰራውንድ ካለ አጥፊ፣ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ያስመስለዋል። መፈተኛው እዚያው ሐይቁ ላይ ነው፤ ሙዚቃ የለም፣ ውሃውና ጩኸቱ ብቻ። (ያላየ ሰው አጠገብሽ ካለ ከዚህ በላይ እንዳትነግሪው።)

ኮዬ_ሰብታይትል
አማርኛ ጽሑፍ ከሥሩ ለሚፈልግ፦ የዲስክ ማጫወቻው አይቀበለውም። ዲቪዲውን በላፕቶፕ በቪኤልሲ (ነፃ የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም) ከፍቶ፣ ኤስአርቲ ፋይሉን (የትርጉም ጽሑፉን ከነሰዓቱ የያዘውን) ጨምሮ፣ በኤችዲኤምአይ ወደ ቲቪ ማውጣት ነው። የላፕቶፑ ዲቪዲ ድራይቭ ሪጅን መቀየር የሚቻለው 5 ጊዜ ብቻ ስለሆነ ዝም ብሎ አይነካካም።

ከኢንተርኔት የወረደ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይዞ ለሚተረጉም፣ ፋይሉ ለአውሮፓ ዲቪዲ በሰከንድ በ25 ፍሬም (ምስል) የተሠራ ከሆነ ጽሑፉ ከንግግሩ እየቀደመ ይሄዳል፤ አንድ ሰዓት ላይ ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ይቀድማል። መጀመሪያው ላይ ልክ ስለሚመስል ብዙ ሰው «ዲሌይ» (ጽሑፉን በሙሉ እኩል የሚያዘገየውን) እየነካካ ይደክማል። ዲሌይ አይፈታውም፤ ሰብታይትል ኤዲት በሚባለው ፕሮግራም ፍሬም ሬቱን ከ25 ወደ 23.976 መቀየር ነው። ሲያስቀምጡ ዩቲኤፍ-8 ይምረጡ፣ አለበለዚያ ፊደሉ በጥያቄ ምልክት ይተካል። በባዶ አራት ማዕዘን ከታየ ግን ፎንቱ ነው፤ ቪኤልሲ ላይ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ኢትዮፒክ ያድርጉለት። በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር አይበልጥ፤ አማርኛው ከእንግሊዝኛው ስለሚረዝም ግሱ ሁለተኛው መስመር ላይ እንዲወድቅ አድርገው ይቁረጡት።