ጋራዥ ውስጥ የድሮ የቴሌቪዥን ዜና ፊልም ተገኘ፤ ከቅዳሜ በፊት ምን ላድርግ?

የወደቧ (ጠያቂ)፦

ሰላም ቤተሰብ። የምኖረው ኒውካስል ነው፣ ከሲድኒ ወደ ሰሜን 160 ኪሎ ሜትር ግድም። ሥራዬ አዛውንቶችን ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ መንከባከብ ነው። ከማያቸው ሰዎች አንዱን "ጋሼ" እላቸዋለሁ። ትርጉሙን ስነግራቸው ወደዱት፤ አሁን በስማቸው ብጠራቸው ቅር ይላቸዋል።

ጋሼ በወጣትነታቸው ለከተማው ቴሌቪዥን ጣቢያ፣ ለኤንቢኤን፣ ዜና ይቀርጹ ነበር። ቋሚ ሠራተኛ አልነበሩም። በራሳቸው ካሜራ ቀርጸው ያስረክባሉ፣ በዜናው ልክ ይከፈላቸዋል። አሁን ቤቱ ሊሸጥ ነው። ልጃቸው ጋራዡን ስታጸዳ ሠላሳ ምናምን ክብ ቆርቆሮ አገኘች። ውስጡ ቀጭን ፊልም ነው፣ እንደ ክር የተጠቀለለ። ትናንት አንዱን ከፈት ሳደርገው አፍንጫዬን ያዝኩ። አቼቶ! ሰላጣ ላይ የምናደርገው አቼቶ ራሱ።

ልጅቷ "ተበላሽቷል፣ ቅዳሜ ከቆሻሻው ጋር ይሄዳል" አለች። ጋሼ መልስ አልሰጡም። ሻያቸውን ሳይጠጡት ቀዘቀዘ። ማታ ቤቴ ገብቼም ያ ሻይ ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ።

ቆርቆሮዎቹ ላይ በተለጠፈ ወረቀት የተጻፈ አለ። አንዱ "ሲግና 74" ይላል፣ አንዱ "ስታር ሆቴል"። ምን እንደሆኑ አላውቅም። በዚያ ላይ ስለ ጣቢያው ላንብብ ብዬ ኤንቢኤን ብዬ ስፈልግ የሚመጣልኝ የኢንተርኔት መስመር ብቻ ነው። እሳቸው "ቢግ ዶግ" ሲሉም የሞተ ውሻቸው መስሎኝ አዝኜላቸው ነበር። ልጃቸው ሳቀችብኝ።

ፊልሙ በእርግጥ አልቆለታል? ማንን ላናግር? የጣቢያውንስ ታሪክ የሚያውቅ አለ?

አንቴና፦

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ቅዳሜን አስቁሚ። ታሪኩ ይደርሳል።

ሽታው የሚመጣው ከፊልሙ ፕላስቲክ ነው። አሲቴት ይባላል። ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው ቀስ እያለ ይፈርስና አሴቲክ አሲድ ይለቃል። አቼቶ ማለት እኮ እሱ ነው፣ ስለዚህ አፍንጫሽ አልዋሸሽም። ግን መሽተት ጀመረ ማለት ሞተ ማለት አይደለም። ታመመ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ምስሉ አሁንም አለ፣ በባለሙያ ማሽን ወደ ዲጂታል ይገለበጣል።

እስከዚያው የሚሸተውን ከማይሸተው ለይታችሁ አስቀምጡ፤ አንዱ የሌላውን ያፋጥናል። የቆርቆሮ ጣሪያ ካለው ጋራዥ አውጥታችሁ ቤት ውስጥ ቀዝቀዝ ያለ ደረቅ ክፍል አግቡት። በላስቲክ አትጠቅልሉት፣ ጋዙ መውጫ ይፈልጋል። ደግሞ "እስቲ እንየው" ብሎ የድሮ ፕሮጀክተር የሚያመጣ ዘመድ አይጠፋም። እንዳትሰሙት! ፊልሙ ሲያረጅ ይሸበሸባል፣ የጎኑ ቀዳዳዎች ከጥርሱ ጋር አይገጥሙም፣ ማሽኑ ይቀደዋል።

ይህ ሁሉ ለምን ካልሽ፣ ያኔ የቴሌቪዥን ዜና የሚቀረጸው በአብዛኛው ሪቨርሳል በሚባል 16 ሚሊ ሜትር ፊልም ነበር። ኔጋቲቭ የለውም። ካሜራ ውስጥ የነበረው ያው ፊልም ይታጠባል፣ ይቆረጣል፣ ይቀጠላል፣ ማታ ለሕዝብ ይታያል። ቅጂ የሚያወጣለት ብዙም አልነበረም። የጋሼ ቆርቆሮ ውስጥ ያለው ከዓለም አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ከፉትስክሬይ፦

የድሮ ፊልም በራሱ ይነዳል ሲሉ ሰምቻለሁ። ቤት ውስጥ አግቡ ስትል አትፈራም?

አንቴና፦

የሚነደው ናይትሬት የሚባለው የጥንቱ የሲኒማ ፊልም ነው፣ 35 ሚሊ ሜትር። 16 ሚሊ ሜትሩ መጀመሪያም ለቤትና ለትምህርት ቤት ተብሎ የወጣ ስለሆነ ከማይነደው ዓይነት ነው። በዚህ በኩል ተኙ።

የሰማንያዎቹ ስደተኛ፦

እኔ ኒውካስል የገባሁት በ1986 ነው፣ በሱዳን በኩል። ቢግ ዶግን የሞተ ውሻ ማለትሽ ብቻዬን አሳቀኝ። ቢግ ዶግ የጣቢያው መለያ ነው እህቴ። ማታ ማታ ብቅ ብሎ ልጆቹን ወደ አልጋ የሚሸኘው እሱ ነበር። የኔ ልጆች እናታቸው አሥር ጊዜ "ተኙ" ብትል አይሰሙም። ውሻው ደህና እደሩ ሲል ግን ጨዋታው አለቀ።

ጣቢያው ሥርጭት የጀመረው መጋቢት 4 ቀን 1962 ነው፣ በፈረንጆቹ። ከኛው ኢቴቪ በሁለት ዓመት ተኩል ግድም ይቀድማል። ቻናል 3 ነበር። ማሰራጫው ከከተማው በስተ ምዕራብ ሹገርሎፍ ተራራ ላይ ነው፣ 412 ሜትር። ስቱዲዮው ዘ ሂል ሰፈር፣ ሞስብሪ ክሬሰንት ላይ ነበር። በኋላ ለቀው ወደብ አካባቢ ሃኒሰክል ገቡ። የመጀመሪያው ዜና አንባቢ መሪ ፊንሊ ነበር፤ የዚህን ስም ለጋሼ ጥሪላቸውና ፊታቸውን እይ።

ኤንቢኤን ስትዪ ኢንተርኔት የሚመጣልሽ መንግሥት የዘረጋው ፈጣን የኢንተርኔት መስመር በአጋጣሚ ያንኑ ሦስት ፊደል ስለያዘ ነው። ጣቢያው ግን ፊደሎቹን ግማሽ ምዕተ ዓመት ቀድሞ ነበር የያዛቸው። በአውስትራሊያ ጣቢያ ስም ሦስተኛው ፊደል ክፍለ ግዛቱን ነው የሚያሳየው። የመጨረሻዋ "ኤን" ኒው ሳውዝ ዌልስ ማለት ናት። ሜልበርን ያሉት ጣቢያዎች ስማቸው "ቪ" ላይ የሚያልቀው ቪክቶሪያ ስለሆኑ ነው። ስትፈልጊ "3" ቁጥሯንና "ኒውካስል"ን ጨምሪበት።

ሲግና የኖርዌይ መርከብ ናት። በግንቦት 1974 ከባድ ማዕበል ስቶክተን ባሕር ዳርቻ ላይ ጥሏት ተሰበረች። የኋላ አካሏ እዚያው ዝጎ ለአሥርት ዓመታት ቆሞ ነበር፣ እኔም ፎቶ ተነስቼበታለሁ። ስታር ሆቴል ደግሞ የሙዚቃ ቤት ነበር። በመስከረም 1979 የመዘጊያው ምሽት ሕዝቡና ፖሊስ ተደባደቡ፣ የፖሊስ መኪና ተቃጠለ። ሁለቱም ከተማው እስካሁን የሚያወራቸው ናቸው። ያ ጋራዥ ቀላል ጋራዥ አይደለም!

ከፉትስክሬይ፦

ኤንቢኤን የአውስትራሊያ የመጀመሪያው የክፍለ ሀገር የንግድ ጣቢያ ነው አይደል? እንደዚያ ሲባል የሰማሁ ይመስለኛል።

አንቴና፦

አይደለም። እሱ እዚሁ አንተ ያለህበት ቪክቶሪያ፣ ትራራልገን የተከፈተው ጂኤልቪ 10 ነው፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1961። በዚያው ወር ቤንዲጎና ሼፐርተን ተከተሉ። ኒውካስል ከሲድኒ በስተ ደቡብ ያለችውን ዎሎንጎንግን ነው የቀደመው፣ ያውም በሁለት ሳምንት። የኒውካስል ሰው ፊት ይህን ባትናገር ይሻልሃል።

የወደቧ፦

እግዜር ይስጥልኝ! "መሪ ፊንሊ" ስላቸው ጋሼ ቀና ብለው ድምፁን እያስመሰሉ ዜና አነበቡልኝ። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። "ያኔ ጣቢያው የኛ ነበር" ይሉኛል ደጋግመው። አሁን ሳየው ቻናል ናይን ነው። ተሸጠ ማለት ነው?

የሰማንያዎቹ ስደተኛ፦

ተሽጧል፣ ግን ነገሩ ከሽያጩ በፊት ነው የተለወጠው።

ድሮ ከትልልቆቹ ከተሞች ውጭ ባለ አንድ አካባቢ የሚፈቀደው አንድ የንግድ ጣቢያ ብቻ ነበር፣ ከመንግሥቱ ኤቢሲ ሌላ። ሰፈር ውስጥ አንድ ሱቅ ብቻ እንዳለ አስቢው። ባለሱቁ ከፈለገው ጅምላ ሻጭ ያመጣል። ኤንቢኤንም ከሦስቱ ትልልቅ ኔትወርኮች፣ ከሰቨን፣ ከናይን፣ ከቴን ደስ ያለውን ፕሮግራም እየመረጠ ያሳይ ነበር። በመሃል የራሱ ዜና፣ የልጆች ፕሮግራም፣ የሥጋ ቤቱና የመኪና ሻጩ ማስታወቂያ። ማስታወቂያው ላይ የምታይውን ሰውዬ በነጋታው ገበያ ታገኚዋለሽ። ይኸው ነው "የኛ" ያሰኘው።

እውነቱን ለመናገር ሁሉም ሰው በአንድ ቻናል ረክቶ አልተቀመጠም። ረጅም አንቴና ጣሪያው ላይ ተክሎ የሲድኒን ጣቢያዎች የሚስብ ሞልቶ ነበር። የኛ ጎረቤት ነፋስ በነፈሰ ቁጥር መሰላል ላይ ነው።

ከዚያ መንግሥት "የክፍለ ሀገር ሰውም እንደ ሲድኒ ሰው ሦስት የንግድ ቻናል ይድረሰው" አለ። አካባቢዎቹን አዋሐዷቸው። በሰሜን ኒው ሳውዝ ዌልስ ይህ የሆነው በ1991 የመጨረሻ ቀን ነው። ኤንቢኤን ከኒውካስል እስከ ጎልድ ኮስት የማሰራጨት መብት አገኘ። በምትኩ ሁለት ተወዳዳሪ ደጁ ድረስ መጡበት፣ ፕራይምና ኤንአርቲቪ። ሦስቱም ከአንድ አንድ ትልቅ ኔትወርክ ጋር መጣበቅ ነበረባቸው። ለኤንቢኤን ናይን ደረሰው። በ2007 የናይን ባለቤት የነበረው ኩባንያ ጠቅልሎ ገዛው፣ በ250 ሚሊዮን ዶላር።

ለተመልካቹ ምርጫ በዛለት፣ ይህን መካድ አይቻልም። ብዙ የክፍለ ሀገር ጣቢያዎች ግን ከዚያ በኋላ የአካባቢ ዜናቸውን እየቀነሱ እየቀነሱ ሄዱ። ኤንቢኤን የአንድ ሰዓት ዜናውን ይዞ መቆየቱ ነው የሚያስመሰግነው።

ዜና ስል፣ በታኅሣሥ 28 ቀን 1989 ከጠዋቱ በኛ 4 ሰዓት ከ27 ደቂቃ መሬት ተንቀጠቀጠ። 13 ሰው ሞተ፣ ዘጠኙ ዎርከርስ ክለብ ውስጥ። እኔ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ነበርኩ። የማስታውሰው አቧራውን ነው፣ ዱቄት የተደፋ ይመስል ነበር። ያን ማታ ጎረቤት ሁሉ እኛ ቤት ተሰብስቦ ቲቪ አየ። የገዛ መንገዳችንን በቴሌቪዥን ስናይ ነው የደነገጥነው።

እትዬ ጀበና፦

ልጄ፣ እነዚህ ሁሉ ስለ ፊልሙ ያውሩ፣ እኔ ስላንቺ ልናገር። እኔም አሥራ አንድ ዓመት በዚሁ ሥራ ነበርኩ። እባክሽ አንዲትም ቆርቆሮ መኪናሽ ውስጥ እንዳታስገቢ! ለደግነት ብለሽ እንኳ ቢሆን። ከምትንከባከቢው ሰው ዕቃ መውሰድ፣ ስጦታም ቢሆን፣ አብዛኛው መሥሪያ ቤት ይከለክላል። ነገ "ውድ ዕቃ ወሰደች" ቢባል ማን ይመሰክርልሻል? ለአስተባባሪሽ አሁኑኑ በጽሑፍ አሳውቂ። የሚደውሉት እሳቸው ወይም ልጃቸው ይሁኑ። አንቺ ቁጥሩን ፈልጊላቸው፣ አጠገባቸው ቁጭ በዪ፣ በቃ።

ልጅቷንም አትቀየሚያት። ቤት መበተን ከባድ ነው።

መዝገብ ቤት፦

ላይብረሪ ውስጥ ነው የምሠራው፣ ሌላ ከተማ። እትዬ ያሉት ልክ ነው።

መጀመሪያ የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪን ይሞክሩ። የጣቢያውን የድሮ ዜና ፊልም ስብስብ ይዘዋል፣ ከፊሉንም ዲጂታል አድርገው ለሕዝብ አውጥተዋል። የልዩ ስብስቦች ክፍል ብለው ይጠይቁ። ካልሆነ ካንቤራ ያለው ብሔራዊ የፊልምና የድምፅ መዝገብ ቤት አለ።

ሲደውሉ "የድሮ ፊልም አለን" ብቻ ካሉ ወረፋ ውስጥ ይገባሉ። ይልቅ እንዲህ ይበሉ፦ 16 ሚሊ ሜትር፣ ሠላሳ ምናምን ቆርቆሮ፣ ለኤንቢኤን ዜና የተቀረጸ፣ ቀራጩ በሕይወት አሉ፣ አንዳንዱ የአቼቶ ሽታ ጀምሯል፣ ቤቱ እየተሸጠ ነው። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ሰውየውን ከወንበሩ ያስነሱታል። ፎቶ አንሥታችሁ ኢሜይል አድርጉ፣ የተጻፈው በደንብ እንዲነበብ።

ገንዘብ ግን አትጠብቁ። ቆርቆሮው የሳቸው ቢሆንም የምስሉ መብት የጣቢያው ሊሆን ይችላል፣ ያኔ በምን ስምምነት እንደሠሩ ይወሰናል። ስለዚህ ዩቲዩብ ላይ መጫኑን ለጊዜው ተዉት። ቤተሰቡ የራሱን ዲጂታል ቅጂ እንዲያገኝ ግን ከመፈረም በፊት መጠየቅ ይቻላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ፊልሙ ከ1970ዎቹ ከሆነ አብዛኛው ድምፅ አልባ ነው። የክፍለ ሀገር ቀራጮች ብዙዎቹ በእጅ የሚሞላ ቦሌክስ የሚባል ካሜራ ነበር የሚይዙት። አንዴ ሲሞላ ግማሽ ደቂቃ እንኳ በቅጡ አይቆይም። ዜና አንባቢው ነበር ስቱዲዮ ሆኖ ታሪኩን የሚያነበው፣ ያ ንባብ ደግሞ ከፊልሙ ጋር የለም። ስለዚህ ጋሼ እያንዳንዱን ቆርቆሮ እያዩ የሚያስታውሱትን ያውሩ፣ ልጃቸው በስልኳ ትቅዳ። የት ቆመው እንደቀረጹ፣ ማን እንደሚታይ። ይህን ከሳቸው በቀር ማንም መዝገብ ቤት አያውቀውም።

የወደቧ፦

ቤተሰብ፣ ተሳካ! ልጅቷ ራሷ ደወለች። ሐሙስ መጥተው ያያሉ። ቆርቆሮው አሁን የእንግዳ ክፍል ውስጥ ነው፣ የሚሸተው ለብቻው፣ መስኮት ተከፍቶለት። አስተባባሪዬም አውቃለች እትዬ፣ ይኸው በጽሑፍ።

ትናንት መቅዳት ጀመሩ። ሲግናን ጋሼ የቀረጹት አሸዋው ላይ በደረታቸው ተኝተው ነው፣ ነፋሱ አላስቆም ብሏቸው። በእጃቸው እያሳዩ ነው የሚያወሩት፣ ካሜራውን ሲሞሉ ክርር ክርር እያደረጉ። ልጅቷ አንዱንም ሰምታው አታውቅም። ለሁለት ሰዓት ያህል ከወንበሯ አልተነሳችም።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። የተለጠፉት ወረቀቶች እየረገፉ ነው። ልላጣቸውና አዲስ ልጻፍ?

መዝገብ ቤት፦

እንዳትነኪያቸው! የወደቀ ካለ በየቆርቆሮው ፖስታ ውስጥ ክተቱት፣ ቁጥሩንም በእርሳስ ፖስታው ላይ ጻፉ። እስክሪብቶ አይሁን።