ማገጥ ጓሮዬ ውስጥ ለምን ደረቀብኝ?

ፍሬ ከአያት፦ ሰላም ናችሁ? መስከረም ላይ የሱሉልታን መስክ ሐምራዊ የሚያለብሰውን ትንሽዬ አበባ፣ ማገጥን፣ ከነአፈሩ አምጥቼ ጓሮዬ ተከልኩት። የጣሪያ ውሃ የሚወርድበት ረግረግ ያለ ጥግ ስላለኝ ይስማማዋል ብዬ ነው። መጀመሪያ አማረበት። ከዚያ ጠዋት ማታ እያጠጣሁት ቢጫ ሆኖ ኅዳር ላይ ድርቅ አለ። ምን ጎደለው?

የጓሮ ሰው፦ ምንም አልጎደለውም እህቴ፣ ዕድሜው ነው ያለቀው። አብዛኛው ማገጥ በክረምት በቅሎ፣ መስከረምና ጥቅምት አብቦ፣ ዘሩን ጥሎ የሚሞት ነው። ወንዝ ብትገለብጪበትም አይነሳም። የደረቀውን ራስ ግን እንዳትጥይው! መዳፍሽ ላይ እሺውና እፍ በይው፣ ከጤፍ ትንሽ ተለቅ የሚሉ ፍሬዎች ታገኛለሽ። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲረጋ እነሱን ዝሪ።

ማር ወዳድ፦ ዝም ብሎ መዝራት አይበቃም። የዘሩ ቆዳ ጠንካራ ስለሆነ ውሃ ቶሎ አያስገባም። ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅለሽ በሁለት ጡብ መሃል ቀስ ብለሽ እሺው፣ ጫር ጫር ይበል እንጂ እንዳይፈጭ። ከዚያ ላይ ላዩን በትነሽ አፈር ነስነስ አድርጊበት፣ ጥልቅ ከገባ አይወጣም። ሲያብብ ንቡን ታይዋለሽ።

አፈር ቆፋሪ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ግን አፈሩን ረሳችሁት። ማገጥ የባቄላና የአተር ዘመድ ነው፣ ሥሩ ላይ ባሉት እባጮች ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅን ከአየር ይይዙለታል። የከተማ ጓሮ፣ በተለይ የግንባታ አፈር የተደፋበት፣ እነዚህ ባክቴሪያዎች ላይኖሩት ይችላል። ስለዚህ ከሱሉልታ አብሮት የመጣውን አፈር እንዳትጥይው፣ የምትዘሪበት ቦታ ላይ በትኚው። ነሐሴ ላይ አንዷን ነቅለሽ እባጩን በጥፍርሽ ሰንጥቂው፤ ውስጡ ሮዝ ከሆነ ሥራ ላይ ነው። ዩሪያ የሚባል ነገር እንዳታስጠጊ፣ የሚፋፋው ሣሩ ነው።

ፍሬ ከአያት፦ ተባረኩ! ሣሩ ያለ ዩሪያም አይውጠውም ግን? በጋውንስ ጥጉ ባዶ ሊሆን ነው?

የጓሮ ሰው፦ ሣሩን ሐምሌ ላይ በእጅሽ ንቀይው፣ ያኔ ማገጡ ገና ድክድክ ስለሚል ይጨቆናል። በጋ ላይ አዎ፣ ባዶ ነው፣ ምን ይደረግ። ብቻ አትቆፍሪው፣ የረገፈው ዘር እዚያው ነው፣ ዘንድሮ ያልበቀለውም ለከርሞ ሊወጣ ይችላል። ጎረቤትሽ በግ ካለው ደግሞ ቶሎ አጥሪ፣ ከሣር አስቀድሞ የሚበላው እሱን ነው።