አርቴታ ተጫዋች እያለ እንዴት ነበር?

ጀማሪው፦ ሰላም ጓዶች፣ እኔ አርቴታን የማውቀው በአሰልጣኝነቱ ብቻ ነው፣ ሲጫወት ያያችሁት ምን ይመስል ነበር? ዝም ብለው ነው እንዴ አርሰናልን የሰጡት?

የድሮ ጎነር፦ ኧረ ቀላል ተጫዋች አልነበረም! ባርሴሎና ነው ያደገው ግን ለዋናው ቡድን ሳይሰለፍ ፒኤስጂ በውሰት ሄደ፣ ከዛ ሬንጀርስ፣ ኤቨርተን ደግሞ ብዙ ዓመት፣ ከዛ በፈረንጆቹ 2011 ዝውውር ሊዘጋ ሲል የያኔው አሰልጣኛችን ቬንገር ወደ አርሰናል አመጣው፣ ማንቸስተር ዩናይትድ 8 ለ 2 ከቀጠቀጠን ከ3 ቀን በኋላ ማለት ነው እንግዲህ ጭንቀታችንን አስበው። ፍጥነት ብዙም የለውም ግን ኳስ አያባክንም፣ በኋላም አምበል ሆነ። ለስፔን ዋና ቡድን አንዴም አልተጫወተም፣ እነ ዣቪና ኢኒየስታ ባሉበት ዘመን ምን ያድርግ 😂

ሰማያዊው፦ አሰልጣኝ ያደረገው ፔፕ ጋርዲዮላ ነው ባይ ነኝ፣ በ2016 ጫማውን ሰቅሎ ቀጥታ ማንቸስተር ሲቲ የፔፕ ምክትል ሆነ።

የድሮ ጎነር፦ @ሰማያዊው ፔፕ ብቻ አትበል፣ ኤቨርተን ሞዬስ አሰልጥኖታል፣ አርሰናል ቬንገር። በ2019 መጨረሻ መጥቶ በ2020 ቼልሲን 2 ለ 1 አሸንፎ ኤፍኤ ካፕ በላ

ብርቱካን፦ በሊጉ ሁለቴ 8ኛ ሲወጣ ይባረር ስትሉ የነበራችሁት የታላችሁ? 👀