ፋብሪካችን ተዘጋ፣ ቲኤኤ የሚባለው የመንግሥት እርዳታም የለም፤ ወዴት ልሂድ?

ሰላም ወገኖች፣ ግራ ገብቶኛልና ምከሩኝ። ያለሁት አሜሪካ፣ ኖርዝ ካሮላይና ነው። የቤት ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ ነበር የምሠራው። ከውጭ የሚገባው ርካሽ ዕቃ ገበያውን ወሰደውና ተዘጋ።

የቆዩ ሠራተኞች «ቲኤኤ አመልክት፣ የትምህርት ክፍያህን ይችሉልሃል፣ እየተማርክም ገንዘብ ታገኛለህ» አሉኝ። ድሮ እውነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 የተጀመረ፣ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ምክንያት ሥራቸውን ላጡ ሠራተኞች የሚሰጥ ፕሮግራም ነው። ሠራተኞች በቡድን ሆነው ለሠራተኛ ሚኒስቴር ማመልከት ይችሉ ነበር። ግን ኮንግረስ ስላላደሰው ከጁላይ 2022 ወዲህ ለአዲስ ማመልከቻ ውሳኔ አይሰጥም። ዕቃው መግባቱን አላቆመ፣ የቆመው እርዳታው ነው!

አሁን የቀረኝ በየአካባቢው ባለው የሥራ ማዕከል በኩል ከሥራ ለተቀነሱ ሰዎች የሚሰጠው ሥልጠና ነው። ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ለማውጣት አስቤያለሁ። በዚህ መንገድ ያወጣ ሰው አለ? ከኪሳችሁ የከፈላችሁት ነበር? ደግሞ አንኢምፕሎይመንት (ሥራ ላጣ ሰው የሚከፈለውን ገንዘብ) እየወሰድኩ ትምህርት ብጀምር ይቆረጥብኛል? ስቴቱ ሥልጠናውን አስቀድሞ ካጸደቀው «ሥራ ፈልግ» እያሉ አያስጨንቁም ይባላል። ታዲያ ማጽደቂያውን የምጠይቀው ከመመዝገቤ በፊት ነው ወይስ በኋላ? እንግሊዝኛዬ ለፎርም አይበቃም፤ አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቆ ያገኘ ካለም ይንገረኝ።