«ተመስገን» የሚለውን መልስ በመጠይቅ ላይ እንዴት እንመዝግበው?

ጥያቄ፦ የሕብረተሰብ ጤና ተማሪ

ጤና ይስጥልኝ። ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጥናቴ በሰሜን ሸዋ የገጠር ቀበሌዎች የሚኖሩና ዕድሜያቸው 18 ዓመት የሞላ ሰዎችን ስለ አእምሮ ጤናቸውና ስለ ኑሯቸው ሁኔታ ለመጠየቅ እየተዘጋጀሁ ነው። የምጠቀመው የዓለም ጤና ድርጅት ባዘጋጃቸው ሁለት መጠይቆች ሲሆን፣ አንደኛው ያለፉትን 30 ቀናት የሚመለከቱ 20 የ«አዎ» ወይም የ«አይደለም» ጥያቄዎች አሉት፤ ሁለተኛው ደግሞ አካላዊ ጤናን፣ ሥነ ልቦናን፣ ማኅበራዊ ግንኙነትንና አካባቢን የሚዳስሱ 26 ባለ አምስት ደረጃ ጥያቄዎችን የያዘው የኑሮ ጥራት መለኪያ ነው።

በጥቂት ሰዎች ላይ ሙከራ ሳደርግ ግን «ኑሮዎን እንዴት ይመዝኑታል?» ባልኩ ቁጥር ያገኘሁት መልስ «ተመስገን» የሚል ብቻ ሆነ። አንዲት እናት ዘንድሮ ልጃቸውን እንደቀበሩ እያወቅሁ «ምን ጎደለብኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን» ሲሉኝ እስክሪብቶዬን ይዤ ቀረሁ። «በጣም ጥሩ» ብዬ ብመዘግብ እውነት አይሆንም፤ ዝቅ አድርጌ ብመዘግብ ደግሞ የእርሳቸውን ቃል በራሴ ግምት መተካቴ ነው። ስለ ግብረ ሥጋ ግንኙነት እርካታ የሚጠይቀውንም ጥያቄ ማንም ሊመልስልኝ ስላልፈቀደ ከመጠይቁ ላውጣው ወይ እያልኩ ነው። ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ።

መልስ 1፦ የመስክ መረጃ አስተባባሪ

እናትየው አልዋሹም፤ እርስዎም አልተሳሳቱም። «ተመስገን» የሰላምታ መልስ ነው፤ በእኛ አገር ለሰላምታ ችግርን አስቀድሞ መናገር እንደ ማማረር፣ ከዚያም አልፎ ፈጣሪን እንደ መክሰስ ይቆጠራል። ስለዚህ መጠይቁን ከመክፈትዎ በፊት ሰላምታውን ጊዜ ሰጥተው ይጨርሱ፤ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቹ ይጠይቁ፤ ምስጋናውም ይባል። ከዚያ በኋላ «እስካሁን ሰላምታ ተለዋወጥን፤ አሁን የምጠይቅዎ የሚከብድዎን ነገር ጭምር ነው፤ መናገርዎ ማማረር አይሆንብዎትም» ብለው በግልጽ ይለዩላቸው። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር በእኔ ቡድን ውስጥ የመልሱን ዓይነት ስትቀይር ደጋግሜ አይቻለሁ።

ሌላው ችግር «ኑሮ» የሚለው ቃል ራሱ ነው። ገበሬ «ኑሮ እንዴት ነው?» ሲባል የሚሰማው የማዳበሪያና የጤፍ ዋጋ ነው። መለኪያው የሚፈልገው ግን ሰው በሚኖርበት ባህልና በሚጠብቃቸው ነገሮች መካከል ሆኖ የራሱን ሕይወት እንዴት እንደሚያየው ነው። የጥያቄዎቹን ቃል አይለውጡ፤ ነገር ግን መግቢያ ላይ «ገንዘቡንና ንብረቱን ብቻ ማለቴ አይደለም» ብለው ያብራሩ፤ ማብራሪያውም ለሁሉም መረጃ ሰብሳቢዎች አንድ ዓይነት ሆኖ ይጻፍ።

የጊዜውንም ነገር ልብ ይበሉ። አንደኛው መጠይቅ 30 ቀን፣ ሁለተኛው ሁለት ሳምንት ይላል፤ ይህን ሰው በቁጥር አይዘውም። ዕለቱ 21 ከሆነ «ካለፈው ወር ማርያም ወዲህ» ብንል 30 ቀን ልክ ይሆናል፤ ጳጉሜን በመካከል ከገባች ብቻ ይዛነፋል። ለሙስሊም ወገኖቻችንም ጭምር «ከሁለት ገበያ ወዲህ» ማለት ሁለቱን ሳምንት በደንብ ያስረዳል። ለአምስቱ ደረጃዎች እኛ አምስት ጠጠር እናስቀምጥ ነበር።

መልስ 2፦ የአእምሮ ጤና ነርስ

እኔን ያሳሰበኝ የአንደኛው መጠይቅ 17ኛው ጥያቄ፣ ሕይወትን ስለ ማጥፋት ሐሳብ የሚጠይቀው ነው። ከዓመታት በፊት በተሳተፍኩበት አንድ ጥናት አንድ መረጃ ሰብሳቢ «አዎ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ ወደ 18ኛው አልፎ ነበር፤ ያገኘነው ማታ ቅጾቹን ስናይ ነው። ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም፤ በማግስቱ ማለዳ ሴትዮዋ ቤት ሄድን፤ ደህና ነበሩ፤ ነገር ግን ያ ሌሊት ለእርሳቸው እንዴት እንዳለፈ አስቡት። እባክዎን መረጃ መሰብሰብ ከመጀመርዎ በፊት ከጤና ጣቢያው ጋር ተነጋግረው «አዎ» ያለ ሰው በዚያው ቀን የሚታይበትን መንገድ ያመቻቹ። ጥያቄውን መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ውስጥ አይፈጥርም፤ ጠይቆ ጥሎ መሄድ ግን ይጎዳል። አማት ወይም ጎረቤት አጠገብ ተቀምጦ እያለም ፈጽሞ አይጠየቅ።

በተረፈ ስለ ምግብ ፍላጎት የሚጠይቀውን በሑዳዴ ጾም ውስጥ ከጠየቁ መልሱ ምን እንደሚነግርዎ አይታወቅም። አለመብላት፣ መጾምና እህል ማጣት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሕዝባችን ድብርቱን በአካል እንደሚናገርም አይርሱ፤ «ራሴን ያመኛል፣ ጨጓራዬ ይቃጠላል፣ ልቤ ይመታል» ሲሉ ከርዕሱ የወጡ መስሏቸው መረጃ ሰብሳቢዎች ያቋርጧቸዋል፤ ራስ ምታትና የሆድ ሕመም ግን ከ20ዎቹ ጥያቄዎች ውስጥ ናቸው።

መልስ 3፦ መረጃ ተንታኝ

የግብረ ሥጋውን ጥያቄ አያውጡት። የማኅበራዊ ግንኙነት ክፍል የቆመው በሦስት ጥያቄዎች ብቻ ስለሆነ አንዱ ሲወጣ ሲሶው ይጎድላል። መረጃ ሰብሳቢዎቹን ሴት ለሴት፣ ወንድ ለወንድ አድርገው መመደብ ብዙውን ይፈታል፤ መመለስ ያልፈለገ ሰውም መብቱ ነውና ባዶ ይተው። ሕመምን፣ የሕክምና ጥገኝነትንና መጥፎ ስሜትን የሚመለከቱት ሦስቱ ጥያቄዎች ነጥባቸው እንደሚገለበጥም (1 ተብሎ የተመለሰው 5፣ 5 የተባለው 1 ሆኖ እንደሚቆጠር) አይዘንጉ።

ከቤት ቤት መጠየቅ የማያገኛቸው ሰዎችም አሉ። በቡታጅራ ከ68 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች በተዳሰሱበት ጥናት ከቃለ መጠይቁ ጎን ለጎን አካባቢውን የሚያውቁ ነዋሪዎች ጥቆማ ይሰጡ ነበር፤ ቃለ መጠይቁ ያለፋቸው ጽኑ የአእምሮ ሕሙማን በእነርሱ ጥቆማ ተገኝተዋል።

ጠያቂው፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ወደ እናትየው ተመልሼ ሰላምታውን ሳልቸኩል ጨርሼ እንደተመከርኩት ለየሁላቸው። ጥቂት ዝም ብለው «ተመስገን ብያለሁ፤ እንቅልፍ ግን ከልጄ ጋር ሄደ» አሉኝ። በእርሳቸው ፈቃድ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር አገናኝቻቸዋለሁ። መረጃ መሰብሰቡንም ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን አዛውሬዋለሁ።