ክርክር፦ ፒክአፕን ግቢ ውስጥ ከፍ ማድረግ በሕግ ይከልከል?

የቡድኑ አስተናባሪ፦
ሰላም ቤተሰብ። ትናንት ማታ አንድ አባላችን የሂሉክስ ፒክአፑን ፎቶ ለጥፎ ነበር። መኪናዋ ግቢው ውስጥ ናት። የፊት ሁለት ጎማዎች ወልቀዋል። ሻንሲው፣ ማለት አካሏ የተቀመጠበት ብረት፣ በአንድ ክሪክና በብሎኬት ተደግፏል። ሰውየው ከፊት ሞላው በላይ ቁራጭ ብረት አስገብቶ፣ ከኋላ ባሌስትራ፣ ማለት ተደራራቢውን ጠፍጣፋ ሞላ፣ ጨምሮ፣ መኪናዋን በ5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ሊያደርጋት ነው። ፎቶው ከተለጠፈ ወዲህ ስልኬ መጮኹን አላቆመም። ስለዚህ በወግ እንከራከር። እንዲህ ያለ ሥራ ከጋራዥ ውጭ እንዳይሠራ በሕግ ይከልከል? ወይስ ባለቤቱ በመኪናው ያዝበታል? ስድብ ያመጣ ይወጣል።

ባለ ሂሉክሱ፣ ከሱሉልታ፦
ፎቶው የኔ ነው። በብሎኬቱ የተነሳ በቂ ስድብ ጠጥቻለሁ፣ እሱን እለፉት። ከአስፋልቱ እስከ ቤቴ ያለው መንገድ ክረምት ሲገባ በከባድ መኪና ጎማ ይቦረቦራል። መሃሉ እንደ በሬ ጀርባ ከፍ ብሎ ይቀራል። እሱ ነው ሆዷን የሚፍቃት። ጋራዥ ለምን አልወሰድካትም ላላችሁኝ፣ ወስጄ አውቃለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ጋራዥ የአንዱን ጎማ ዳዶዎች በእጅ ብቻ አጥብቀው ሰጡኝ። ያወቅሁት እንጦጦ ቁልቁለት ላይ ነው። ቤቴ ግን እያንዳንዷን ዳዶ የማጠብቀው እኔው ነኝ። ከተሳሳትኩም የምሞተው እኔው።

ሾፌር፣ የአዳማ መስመር፦
የምትሞተው አንተ ብቻ ብትሆን ማን ይናገርህ ነበር? መኪናው ያንተ ነው፣ መንገዱ የጋራ ነው። ፊቱ ብቻ ከፍ ያለ ፒክአፕ ማታ ከፊቴ ሲመጣ አጭር መብራት አብርቶ እንኳ ረጅም ነው የሚመስለው። አፍንጫው ወደ ሰማይ፣ መብራቱ ወደ ዓይኔ። ለሁለት ሰከንድ ምንም አላይም። በዚያች ሁለት ሰከንድ ውስጥ አህያም ሰውም ይገባል። ይከልከል ባይ ነኝ። ጥርስ እንኳ የሚነቅለው ሐኪም ነው። አንተ ቤትህ በፒንሳ ትነቅላለህ?

ባለ ሂሉክሱ፦
አያቴ በክር ነው የነቀሉልኝ። ይኸው አለሁ።

ሽንኩርት ጫኝ፣ ከመቂ፦
እኔ የሚገርመኝ ይሄ ነገር ዛሬ እንደተጀመረ ማውራታችሁ ነው። እኛ ባሌስትራ ስናስጨምር ስንት ዘመናችን። ለውበት አይደለም። ሲጫን ኋላው እንዳይሰግድ ነው። ግማሹ ሰው ጋራዥ አይሄድም፣ ዛፍ ሥር ነው የሚያስጨምረው። እሱን ልትከለክሉ ከሆነ የአዲስ አበባ ሰው ሽንኩርት በምን ሊበላ ነው?

መካኒክ፣ ከቃሊቲ፦
ልጆች፣ ቆዩማ። ሁላችሁም «ከፍ ማድረግ» ትላላችሁ። አንድ ሥራ እኮ አይደለም። መጀመሪያ የትኛው ሂሉክስ ነው? የድሮው፣ ከፊትም ባሌስትራ ያለው ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ቀጥሎ የመጣው ከፊት ሞላ የለውም፣ ቶርሽን ባር ነው፣ እየተጠማዘዘ የሞላ ሥራ የሚሠራ ዘንግ። እሱን ሰዉ ቡሎኑን አጥብቆ በነጻ ከፍ ያደርገዋል። ከዚያ «መኪናው ደረቀብኝ» ብሎ ይመጣል። ባሩ አልጠነከረም። ጎማው ወደ ታች የሚወርድበት ቦታ ስላለቀ ነው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ጓ የሚለው። ቪጎ የሚባለው ሂሉክስና ከሱ ወዲህ ያለው ደግሞ ከፊት ሞላውና ንጠቱን የሚያበርደው አሞርዛተር አንድ ላይ ነው። የልጁ ይሄኛው ነው፣ በፎቶው አይቻለሁ።

እዚህ ላይ ሁለት አሠራር አለ። አንዱ ሞላውን ከአሞርዛተሩ ሳትለይ፣ ላይ ሻንሲው ጋ በሚታሰርበት ቦታ ቁራጭ ማስገባት ነው። ይሄን ጥንቁቅ ሰው፣ በደንብ የቆመ መደገፊያ ካለው፣ ቤቱ ሊሠራው ይችላል። ሁለተኛው ሞላውን ራሱን መቀየር ነው። ለዚያ ሞላው መጨመቅ አለበት። ሳይጨመቅ የመሃሏን ዳዶ ከፈታሃት እንደ ጥይት ነው የሚወጣው። መንጋጋም ይወስዳል፣ ነፍስም ይወስዳል። ከቤት የሚከለከል ነገር ካለ ይሄ ይከልከል፣ እጄን አወጣለሁ።

አሁን ልጁን ልጠይቅ። ብረቱን ከየት አመጣኸው? ውፍረቱስ ስንት ነው?

ባለ ሂሉክሱ፦
ጋሼ፣ ሶማሌ ተራ፣ መለዋወጫ ገበያው፣ ዝግጁውን አጣሁ። ብረት የሚቀርጹበት ቶርኖ ቤት አስቆረጥኩ። ውፍረቱ 5 ሴንቲ። 5 ከፍ ላድርጋት አይደል።

መካኒክ፣ ከቃሊቲ፦
ይኸውልህ። የአሞርዛተሩ የታችኛው ጫፍ የሚታሰረው ጎማውን ከሻንሲው ጋር በሚያያይዘው ክንድ መሃል ላይ እንጂ ጎማው ጋ አይደለም። ስለዚህ ላይ 5 ካስገባህ ጎማው ጋ ወደ 10 ይጠጋል። በር ገፍተህ ታውቃለህ? ማጠፊያው አጠገብ ጥቂት ስትገፋ ጫፉ ብዙ ይሄዳል፣ ያው ነው። በ10 ሴንቲ ደግሞ ሲቪ ጆይንቱ፣ ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ መገጣጠሚያ፣ በጣም ተጣሞ ነው የሚዞረው። መጀመሪያ ላስቲኩ ይቀደዳል፣ ግሪሱ ይወጣል፣ ከዚያ መንኳኳት ነው። የላይኛው ክንድ ቦል ጆይንትም ከልኩ ይወጣል። የጎማውን አቅጣጫ የሚያስተካክለው አላይመንት ማሽንም መልሶ አያስገባልህም። ለ5 ሴንቲ የሚበቃህ 2.5 ገደማ ነበር።

ሾፌር፣ የአዳማ መስመር፦
አላልኩም? ይሄ ሰው ከነገ ወዲያ መንገድ ላይ ሊወጣ ነበር እኮ! ይከልከል!

ባለ ሂሉክሱ፦
ቀስ በል ወንድሜ። አሁን ያወቅሁት ስለጠየቅሁ ነው። ጋራዥ የሚሠራው ልጅስ ያውቃል? ቶርኖ ቤቱ ምንም ሳይጠይቀኝ ነው የቆረጠው። ጋራዥ ቢልከኝም ያንኑ 5 ሴንቲ ነበር የሚቆርጥልኝ።

ጎሚስታ፣ ከሳሪስ፦
ልጁ እውነቱን ነው። እኔ ጋ የፊት ጎማ በአንድ ጎኑ ብቻ ተላጭቶ ይመጣል። ሌላው ጎን ገና አዲስ ነው። «ከፍ አስደርገህ ነበር?» እላለሁ። «አዎ፣ ጋራዥ ነው የሠራው» ይለኛል። «አላይመንትስ?» «በዓይን አይተውታል።» በዓይን! የእግር መንሻፈፍ በዓይን ይታያል፣ የሁለት ሚሊ ስህተት ግን አይታይም። ቤት የሠራውም ጋራዥ የሠራውም እኔ ጋ ሲመጣ ጎማው አንድ ዓይነት ነው።

እህት፣ ከአሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ፦
ከሩቅ ሆኜ ልግባ። እዚህ ሰው ቅዳሜ ጠዋት ደጁ ላይ ነው የሚሠራው። ማን ሠራው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሕጉ የሚለካው የወጣውን መኪና ነው። አንድ ሰሞን ፋሽን ነበር። ፊቱን በጣም ከፍ፣ ኋላውን ዝቅ ያደርጉታል፣ ልክ ለመቀመጥ እንደጀመረ ውሻ። ሾፌሩ ከኮፈኑ በላይ ሰማይ እንጂ መንገድ አያይም። ሰሜን ካሮላይና እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2021 ጀምሮ ፊቱ ከኋላው በ4 ኢንች፣ ማለት 10 ሴንቲ ያህል፣ የበለጠ መኪና መንገድ ላይ እንዳይወጣ ከለከለች። ቨርጂኒያም ሰው የሞተበት አደጋ ከደረሰ በኋላ በ2022 ተከተለች። ሁለቱም ሜትር ይዘው ነው የከለከሉት።

ሌላም አለ። አይአይኤችኤስ የሚባለው የመድን ድርጅቶች የመንገድ ደኅንነት ተቋም በ2023 ያወጣው ጥናት አለ። ኮፈናቸው ከአንድ ሜትር ገደማ በላይ የሆኑ መኪኖች እግረኛ ሲገጩ፣ ዝቅና ተዳፋት ያለ ኮፈን ካላቸው ይልቅ የመግደል ዕድላቸው በ45 በመቶ ገደማ ይበልጣል ይላል። ፒክአፕ ከፋብሪካ ሲወጣም ወደዚያ የተጠጋ ነው። ላዩ ላይ 10 ሴንቲ ስትጨምሩበት አስቡት። ትምህርት ቤት በር ላይ የቆመች የአራት ዓመት ልጅ ከኮፈኑ በታች ናት።

ሾፌር፣ የአዳማ መስመር፦
እህቴ፣ እዚያ ሜትር ይዞ የሚለካ አለ። እኛ ጋ ማን ይለካል? መለኪያ በሌለበት አገር የሚያዋጣው ከነጭራሹ መከልከል ነው።

የሕግ ሰው፦
ከነጭራሹ ብትከለክለውስ ማን ግቢ ለግቢ ዞሮ ሊይዝ ነው? ያለንን እንይ። የተሽከርካሪ መለያ፣ ምርመራና ምዝገባ አዋጅ 681/2002 መኪና ሁሉ በየዓመቱ ይመርመር ይላል። ቦሎ የምንለጥፈው በሱ ነው። መርማሪው ፊት የሚቆመው መኪናው ነው፣ የሠራው ሰው አይደለም። መለኪያውን እዚያ ማስገባት ይቻላል። የመብራት አቅጣጫና ፍሬን ይታያል፣ ቁመቱም አብሮ ይለካ። ደግሞ ለባለ ሂሉክሱ፦ የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ስለሆነ አለህ። ሙሉ ዋስትና ካለህ ግን እሱ ውል ነው። መኪናህን ለውጠህ ሳትነግራቸው አደጋ ከደረሰ መጀመሪያ የሚያነሱብህ ይሄን ነው። ዛሬውኑ ውልህን አንብበው።

መካኒክ፣ ከቃሊቲ፦
የመቂውን ወንድማችንን ሳልመልስ አልተኛም። ባሌስትራ ስታስጨምር የጨመርከው ባሌስትራ ብቻ ነው። አክስሉ ያው ነው፣ ፍሬኑ ያው ነው፣ ጎማው ያው ነው። መኪናው አለመስገዱ «ችያለሁ» ማለት አይደለም። ስግደቱ እኮ ማስጠንቀቂያህ ነበር፣ እሱን ነው ያጠፋኸው።

የባሰውን ልንገርህ። ብዙ ሂሉክስ ላይ ከኋላ አክስል ወደ ፍሬን ቫልቭ የሚሄድ ቀጭን ዘንግ አለ። ጭነት ሲበዛ ሻንሲው ወደ አክስሉ ይጠጋል። ዘንጉ ይሄን አይቶ ለኋላ ፍሬን ብዙ ግፊት እንዲሄድ ያደርጋል። ባዶ ሲሆን ይቀንሳል። አንተ ኋላውን ከፍ ስታደርገው ቫልቩ መኪናው ሁልጊዜ ባዶ ይመስለዋል። ሽንኩርቱን ጭነህ ፍሬን ስትይዝ የኋላው ፍሬን ግማሽ ልብ ሆኖ ነው የሚይዝልህ። ዘንጉ የሚታሰርበትን ቦታ በዚያው ልክ ማስተካከል ነበረብህ። ይሄን ያደረገ ሰው በእጄ ጣት ነው የምቆጥረው። ጋራዦችንም ጨምሬ ነው የምለው።

ሽንኩርት ጫኝ፣ ከመቂ፦
ዘንጉን አውቀዋለሁ። የኔ ላይ ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል።

መካኒክ፣ ከቃሊቲ፦
በል እንግዲህ። ነገ ባዶውን ይዘኸው ና።

ለባለ ሂሉክሱም አንድ ልጨምር። ባሌስትራ ብትጨምር ሻንሲው ይነሳል እንጂ የኋላ ዲፍረንሻል፣ አክስሉ መሃል ያለው የጥርስ ሳጥን፣ ከመሬት አንዲት ሚሊ አይነሳም። አክስሉ ጎማው ላይ ነው የተቀመጠው። እሱን የሚያነሳው ትልቅ ጎማ ብቻ ነው። የሚፈቀው ምኑ ነው? ሆዷ ወይስ ዲፍረንሻሉ?

ባለ ሂሉክሱ፦
ጋሼ... ገብቼ አየሁ። አብዛኛው ጭረት ዲፍረንሻሉ ላይ ነው።

ጎሚስታ፣ ከሳሪስ፦
ኧረ እግዜር ይይልህ። ለምን ቀድመህ አላየህም?

ሾፌር፣ የአዳማ መስመር፦
እኔ አሁንም ይከልከል ባይ ነኝ። ብቻ ጋራዥ የሚለውን አንሱት፣ ጋራዡም ያው ከሆነ። ከ5 ሴንቲ በላይ የሆነ ሁሉ፣ ማንም ይሥራው ማን፣ ሳይመረመር መንገድ እንዳይወጣ በሉ። መብራቱም ይስተካከል። መብራቱን አትርሱ።

የሕግ ሰው፦
እሱን ነው ስል የቆየሁት።

የቡድኑ አስተናባሪ፦
ድምፅ እንስጥ? ከቤት ይከልከል የሚል 1 ይጻፍ፣ አይከልከል የሚል 2።

ባለ ሂሉክሱ፦
ድምፁ ይቆየኝ። ጋሼ፣ ሁለቱን ብረቶች በ2.5 ላስቆርጣቸው ወይስ ጭራሽ ልተወው? ነገ እሑድ ነው፣ ቶርኖ ቤቱ ዝግ ነው።

መካኒክ፣ ከቃሊቲ፦
የፊቱን 2.5 አስቆርጥ፣ ሰኞ። የኋላውን ባሌስትራ ተወው፣ የፋብሪካው ይበቃሃል። የፊቱ ትንሽ ዝቅ ያለ ስለሆነ ከኋላው ጋር እኩል ይመጣልሃል። የክንዱን ቡሎኖች የመጨረሻውን ማጥበቅ የምታጠብቀው ጎማው መሬት ነክቶ፣ መኪናዋ በክብደቷ ከተቀመጠች በኋላ ነው። አለዚያ ላስቲኮቹ ተጠማዝዘው ይቀራሉ። ከዚያ ቀጥታ አላይመንት። መብራቱንም እዚያው። 500 ኪሎ ሜትር ስትነዳ ዳዶዎቹን ሁሉ እንደገና ፈትሽ። ለዲፍረንሻሉ ጎሚስታውን አማክረው።

እስከ ሰኞ ግን ጎማዎቹን መልሰህ እሰርና ከብሎኬቱ አውርዳት። አሁን፣ ሳይመሽ። ልጆች ግቢው ውስጥ አሉ አይደል?

ባለ ሂሉክሱ፦
አሉ። እየወረደች ነው።