የዶሮ ቤት ጉዝጓዝ የጋራ ግዢ፣ እስከ እሁድ ሀሳብ ስጡ (የምንጠራራው በምንኖርበት ቦታ ስም ነው)

ሂሳብ ያዥ፦ በየግላችን ጭድ እያሳደድን ከምንከስር ሰጋቱራ ከኮምቦልቻ በአንድ አይሱዙ እናስመጣ። ደሴ ጉሙ ሳይገፈፍ ይውላል፣ ጭዱ መጠጫው ስር ተጋግሮ ገና በሩን ስትከፍቱት አሞንያው ዓይን ያቃጥላል፣ ቄቦቹም እሱ ነው የሚያስነጥሳቸው። ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር ከተነጠፈ ይበቃል።

ሆጤ፦ የቱን ሰጋቱራ? ዱቄቱን ከሆነ የለሁበትም፣ ጫጩት ይለቅመዋል አቧራውም ደረታቸው ይገባል። ፍቅፋቂው፣ ከመላጊያ የሚወጣው ስስ ቅርፊት ይሁን። ከቺፕውድ የወጣ እንዳይቀላቀልበት ደግሞ፣ ሙጫ አለው

ኮምቦልቻ፦ ፍቅፋቂ ለይቶ የሚያስቀምጥ እንጨት ቤት አውቃለሁ፣ ነገ አናግረዋለሁ። ጆንያ ግን ከናንተ ነው

ሰኞ ገበያ፦ ጆንያ ስትሉ አስታወሳችሁኝ፣ ለመኖው ጊዜ የወሰዳችሁት የኔ ጆንያ የት ደረሰ?

ቧንቧ ውሃ፦ እትዬ አሁን የተያዘው የጉዝጓዝ ነገር ነው

ሰኞ ገበያ፦ አውቃለሁ። ጆንያም በገንዘብ ነው የሚገዛው። ሁሌ ከኔ ቤት ወጥቶ ማንም ሳይመልስ ሌላ ዙር አምጪ ልባል ነው?

ሆጤ፦ ወላሂ እኔ መልሻለሁ

ሰኞ ገበያ፦ የመለስከው ቀዳዳውን ነው

ሆጤ፦ ሌባ እያልሽኝ ነው? እንደዛ ከሆነ ስሜን ሰርዙት

ሂሳብ ያዥ፦ ኧረ ተረጋጉ። ማንም ሌባ አልተባለም

ፒያሳ፦ የሷ ነገር እኮ ከብሩም በላይ ነው። ከሰው ዶሮ ቤት የዞረ ጆንያ ፈንግል የሚባለውን የዶሮ በሽታ ይዞ ይገባል፣ አንዱ ቤት ከገባ ሁላችንም ባዶ ቤት ነው የሚቀረን። አዲስ ጆንያ እንግዛ፣ በየቤቱ ምልክት ይደረግበት

ሰኞ ገበያ፦ እሱን ነው የምለው። ሆጤ ይቅር በለኝ፣ ንዴት ነው

ሆጤ፦ ይሁን። እኔ የምለው ሸራ ሳይለብስ እንዳይጫን፣ ከኮምቦልቻ ደረቅ ሆኖ ተጭኖ መንገድ ላይ ሀረጎ ሲደርስ ዝናብ ከመታው ሻጋታ ነው የምናነጥፈው። ስንረከብ አንድ እፍኝ ጨበጥ አድርጋችሁ ልቀቁት፣ እንደ ቡኮ ተጣብቆ ከቀረ አትቀበሉ

ቧንቧ ውሃ፦ ከተነጠፈም በኋላ መገልበጥ አለ፣ በሳምንት ሁለቴ በመንሽ። መጠጫው ስር የረጠበው ወጥቶ በደረቅ ካልተተካ ፍቅፋቂም ቢሆን ያው ይሸታል

ሂሳብ ያዥ፦ ኮምቦልቻ፣ ሰውየው ምን አለ?

ሂሳብ ያዥ፦ ኮምቦልቻ?

ፒያሳ፦ ስልኩም ዝግ ነው

ቧንቧ ውሃ፦ እስከዚያ የጆንያውን ብር እንሰብስብ። የወጣውን ጉዝጓዝም በዚያው ጆንያ ጢጣ ላሉት ጎመን ተካዮች ብንሸጠው ፍግ ይፈልጋሉ

ሆጤ፦ ትኩሱን እንዳትሰጧቸው፣ ተክሉን ያቃጥላል። ተከምሮ ይብላላ መጀመሪያ

ሰኞ ገበያ፦ የት ነው የሚከመረው? የኔ ግቢ እንዳይሆን

ፒያሳ፦ የኔ ጓሮ ቦታ አለው ግን አጥሩ ወድቋል

ሂሳብ ያዥ፦ እሺ፣ እሁድ የምንወስነው የጆንያ መዋጮና የፒያሳን አጥር ነው። ቆርቆሮ ያለው ይጻፍ። ፍቅፋቂውን ኮምቦልቻ ሲገኝ እናየዋለን፣ እስከዚያ ጭዱን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ